የሰንበት ውሃ

እሑድ፣ ኖቬምበር 23። ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ፣ ወንበር ላይ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ሬኡት ናት። ለትምህርት ገዝታው ሁለት ገጽ ብቻ ጽፋበት ተወችው። "ኢማ፣ ጭንቀትሽን ሁሉ ለእኔ ከምታወሪ ጻፊው" አለችኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናቷን የምታባርረው እንዲህ ነው። እሺ፣ ልጻፍ።

ባሌ ካሣሁን ሥራ ላይ ከመሰላል ከወደቀ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ዳሌው ተሰብሮ ብረት አስገቡለት። ከስድስት ሳምንት በፊት ቤት አይገባም ብለዋል።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ብርቱካን እርሻው ጥግ ላይ ነው። የከተማው ቧንቧ ከመንገዱ ማዶ ስለቀረ ውሃችን የጉድጓድ ነው። ፓምፑ ከጉድጓዱ ይስበዋል፣ ሰማያዊው ታንከር ይይዘዋል፣ ከዚያ በግፊት ወደ ቤት ይመጣል። ታንከሩ የቆመባት ጠባብ ክፍል ከአባ መኝታ ጋር አንድ ግድግዳ ናት። ይህን ሁሉ ሲጠብቅ የኖረው ካሣሁን ነው፤ እኔ የማውቀው ቧንቧ መክፈት ብቻ ነበር።

አባ የካሣሁን አባት ናቸው፣ አባ አዝመራው። ሰማንያ አራት ሞልቷቸዋል። በሰንበት ውሃ አይቀዳም ይላሉ። ሰው ይቅዳው ፓምፕ ይቅዳው ለእሳቸው አንድ ነው። ስለዚህ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካሣሁን የፓምፑን ሻልቴር፣ የመብራት ማጥፊያውን፣ ያወርደዋል፤ ሰንበት እስኪወጣ ፓምፑ ዝም ይላል። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ቅዳሜ ማለዳ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ካሣሁን አርብ ከሞላው ጀሪካን እያፈሰሰ ያስታጥባቸዋል።

ትናንት ካሣሁን አልነበረም። ጀሪካኖቹን አርብ ዕለት፣ ሬኡት ትሙላቸው ሳልል፣ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ በወር አበባዬ ላይ ነበርኩ። አባ በእነዚያ ቀናት እጄ የነካውን ዕቃ አይነኩም። እናቴ ጎንደር እያለች በእነዚህ ቀናት መርገም ጎጆ ትገባ ነበር፣ ስለዚህ አልተቀየምኩም። ቧንቧው ቢሰጥ ኖሮ ማንም ያልነካው ውሃ ነበር። ግን ደርቆ ነበር። አባ ሳይታጠቡ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ጸለዩ። ወደ ውስጥ አልገቡም። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ መግቢያ አጣሁ።

ወደ ሥራ የሚወስደኝ ባቡር መጣ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ትናንት ካሣሁን በስልክ አስተማረኝ። ታንከሩ ውስጥ ከላይ አየር አለ፣ ከታች ውሃ፣ ውሃውን የሚገፋው አየሩ ነው። አየሩ እንደ መኪና ጎማ ይለካል። ጥቁሯ ሳጥን ፓምፑን ታስነሳለች፣ ታቆማለች፤ ውስጧ ብሎን አለ። ጎን ላይ ያለችው ማስተንፈሻ ግፊቱ ሲበዛ ውሃ ትተፋለች። "የመለኪያው መርፌ ከሦስት ተኩል ካለፈ ደውዪልኝ። ሌላ ምንም አትንኪ።"

አልነካም አልኩት።

ብሎኑን ባጠብቀው ግን ፓምፑ ቶሎ አያቆምም፣ ታንከሩም ብዙ ይይዛል ማለት ነው። ከአየሩም ትንሽ ቢወጣ ለውሃው ቦታ ይሰፋል። እንዲያው ሳስበው ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30። ባቡር ውስጥ።

ሠራሁት። አርብ ጠዋት አየሩን ትንሽ አስተነፈስኩ፣ ብሎኑን አራት ዙር አጠበቅኩ። መርፌው አምስት ተኩል ላይ ሲደርስ ፓምፑ ራሱ ቆመ። ሻልቴሩን አወረድኩ።

ቅዳሜ ውሃው ቀኑን ሙሉ ሰጠ። ሙሉ ቀን! አባ ጠዋት ቧንቧውን ከፍተው እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ውሃው እንደ ወራጅ ነበር። ረጅም ሰዓት ቆዩ፣ ሲያዜሙም ሰማኋቸው። ከዚያ ገብተው ጸለዩ። ማታ ሰንበት ሲወጣ "ውዲቱ፣ ተባረኪ" አሉኝ። ሃያ ዓመት ምራታቸው ሆኜ እንደዚያ ባለ ድምፅ መርቀውኝ አያውቁም።

ለካሣሁን አልነገርኩትም። ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ ይደነቅ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ማስተንፈሻዋ መትፋት ጀመረች። ፓምፑ ሊቆም ሲል ፊጭ ትላለች። የአባ ደጃፍ ረጠበ፤ እሳቸውም በዱላቸው ጭቃውን ነካ ነካ አድርገው "ይኼ ከየት ነው?" አሉኝ። ዝናብ ነው አልኳቸው። ዝናብ ከጣለ አራት ቀኑ ነው።

አርብ፣ ዲሴምበር 5። በችኮላ።

ገበያ ሄጄ ከብረታ ብረት ሻጩ የነሐስ ክዳን ገዛሁ። "ለምንድን ነው?" አለኝ። ለጓሮ ቧንቧ አልኩት። ማስተንፈሻዋ አፍ ላይ አሰርኩት፣ ልክክ አለ። አሁን አትተፋም። ፀሐይዋ እየወረደች ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7። ባቡር ውስጥ።

ደብተሩን ወደ ራሴ ዘንበል አድርጌ ነው የምጽፈው።

አቪቻይ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የጸሎት ቤታችን ልጅ ነው፣ ሥራው ኢንስታላቶር፣ የቧንቧ ሠራተኛ። አላየኝም፤ ከአንድ ደንበኛው ጋር በስልክ ይጮሃል። "ማስተንፈሻውን ማነው የደፈነው? አንተ ነህ? ስማኝ ጌታዬ፣ እሱ ከእንግዲህ ታንከር አይደለም፣ ቦምብ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ጋ ፈንድቶ ግድግዳውን ወደ መኝታ ቤት ነው የገፋው። ሰው ቢኖር ኖሮ በአካፋ ነበር የሚለቀም።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ሰላምም አላልኩት።

በአካፋ አለ። የአባ ራስጌ በዚያ ግድግዳ በኩል ነው።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

ዛሬ ከሥራ ስገባ አወልቀዋለሁ ብዬ መፍቻ ይዤ ገባሁ። ክዳኑ እምቢ አለ። ስታገለው ቧንቧው ራሱ ዞረ፣ ከሥሩ ውሃ ፊቴ ላይ ረጨኝ፣ መፍቻውን ጥዬ ወጣሁ። ብሎኑን ግን ሁለት ዙር መለስኩት። መርፌው አራት ላይ ወረደ። ትንሽ ተነፈስኩ። ይበቃል እንዲህ ከሆነ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ድምፁ ተቀይሯል። ድሮ ፓምፑ ይነሳና ቆይቶ ይቆማል። አሁን ብርጭቆ ውሃ ስቀዳ ብቻ ቀጭ ይልና ይነሳል፣ ወዲያው ቀጭ፣ ይቆማል። ቀጭ ቀጭ። ሥራ ቦታ፣ መጦሪያው ወጥ ቤት፣ የአረጋውያኑን ሾርባ እየቀዳሁ እንኳ ይሰማኛል። ሳህኖቹ ሲጋጩ እበረግጋለሁ።

ካሣሁን ደወለ።

"መርፌው ስንት ላይ ነው?"

"ሦስት።"

"አየሩን ለክተሽዋል?"

"ለክቻለሁ።"

"አንቺ ሴት፣ ከእኔ የተሻልሽ ኢንስታላቶር ሆንሽ" ብሎ ሳቀ። ስቄ ዘጋሁት። ባሌ ብረት ተቀብሮበት ተኝቶ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ እዋሸዋለሁ። ግን ምን ልበለው? ተነስቶ አይመጣ። ከአልጋው ቢወድቅስ?

አርብ፣ ዲሴምበር 12

ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩት። ሬኡት ገና ንጹሕ አይደለችም፤ የእኔም ቀን ቀርቧል፣ ነገ ቢመጣስ፣ እያልኩ ስቆጥር ለአባ ጀሪካን የሚያቀርብላቸው ሰው አጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ? እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ "ነገ ውሃ አለ?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። እንደ ሕፃን። አለ አልኳቸው።

ይህች ሰንበት ብቻ። ከዚያ አቪቻይን እጠራለሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ሰንበት በሰላም አለፈች። መርፌው ስድስት ላይ ነበር። ሌሊቱን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነበር።

ሬኡት ምን እንደነካት አላውቅም። ሁልጊዜ አባ ክፍል ጠረጴዛው ላይ ነበር የምታጠናው። አሁን ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ለምን ስላት "ሳባ አትግቢብኝ አለኝ" አለች፣ አያቷን ማለቷ ነው፣ ዓይኔን ሳታይ። ሰው ሲያረጅ ጸጥታ ይወዳል። እኔ ስገባ ሁለቱ ወሬ ያቆማሉ። ወጤን እያሙ ይሆናል፤ ሰሞኑን ጨው እረሳለሁ።

ለአቪቻይ ደወልኩ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እመጣለሁ አለ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

አትምጣ አልኩት። ክዳኑን ያየዋል። ያንን ስልክ ላይ የጮኸውን ጩኸት በእኔ ላይ ይጮኻል፣ ቅዳሜ ጸሎት ቤት ሁሉም ይሰማል፣ ካሣሁን ከሰው አፍ ይሰማል። ውዲቱ አማቷን ልትገድል ነበር ይባላል። ራሴው አስተካክለዋለሁ።

"በሰደር፣ እሺ" አለ፣ "ችግሩ ምን ነበር?"

"ምንም፣ ተስተካከለ" አልኩት።

ታንከሩ ሆድ ላይ፣ ብየዳው ጋ፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። ጣቴን ሳስኬድበት ረጥቧል። ጣቴ ላይ ዝገት ቀረ፣ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18። ጣቢያው ላይ።

አባን "አልጋዎን ወደ መስኮቱ ላዙርልዎ፣ ፀሐይ ይመታዎታል" አልኳቸው። "እዚሁ ይሻለኛል" አሉኝ። ለመንኳቸው። "ውዲቱ፣ ግድግዳው ምን አደረገሽ?" ብለው ትክ ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ብናገር ምን ነበረበት? ሾርባው ሊገነፍልብኝ ነው ብዬ ወጣሁ፣ ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ባቡሩ ዘግይቷል። ብሎኑን ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። እምላለሁ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20። ሰንበት እንደወጣ።

ከዋክብት እስኪወጡ ጠብቄ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ብሎኑን አልመለስኩም። ደክሞኝ ነበር። ውሸት ነው፣ አልደከመኝም፤ አባ ለሰንበት ነጠላቸውን ራሳቸው ሲያጥፉ አየኋቸውና አንጀቴ አልቻለም።

ትናንት አርብ ሥራ አልነበረኝም። ቤቱን አጸዳሁ፣ ምግቡን አበሰልኩ፣ ሻወር ገባሁ። ሁልጊዜ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ ራሱ ይቆማል፣ ዝም ሲል ሄጄ ሻልቴሩን አወርዳለሁ። ዝምታው ነበር ምልክቴ። ትናንት ዝም አላለም። ፀጉሬን እያደረቅኩ፣ ከሬኡት ጋር ስለ ቀሚሷ እየተከራከርኩ፣ ፀሐይዋ ጠለቀች። አባ በግድግዳው ወዲያ ጸሎት ሲጀምሩ ሰማሁ። ከጸሎታቸው ሥር ሌላ ድምፅ አለ። ፓምፑ እየሠራ ነው።

እየሮጥኩ ገባሁ። መርፌው ዘጠኝን አልፎ መጨረሻው ላይ ተጣብቋል። ቧንቧው ይንቀጠቀጣል። ታንከሩ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ብየዳው ላይ ውሃ እንደ ላብ ወጥቷል። ሻልቴሩ ከታንከሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ነው፣ ታንከሩን ታክኬ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።

እጄን ዘረጋሁ። አልነካሁትም።

ሰንበት ገብቷል። በአርባ ስድስት ዓመቴ አንድም ጊዜ በሰንበት መብራት ነክቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ እናቴ በሰንበት እሳት ዳር እንኳ አታስደርሰኝም ነበር። ነፍስ ለማዳን እንደሚፈቀድ አውቃለሁ፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን እጄ አያውቅም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቧንቧ ብከፍት እንኳ ግፊቱ ይቀንስ ነበር፤ ሬኡት ናት በኋላ የነገረችኝ። ለምን ቧንቧ መክፈት አላሰብኩም? ሃያ ዓመት የማውቀው እሱን ብቻ አይደለም? ማድረግ የቻልኩት መጮህ ነው። "አባ፣ ይውጡ፣ በሞቴ ይውጡ" አልኩ።

አልወጡም። መጡ። ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ያለ ዱላ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ገቡ። በግራ እጃቸው ትከሻዬን ገፍተው ወደ ኋላ አደረጉኝ፣ ታንከሩን በደረታቸው እየታከኩ ወደ ጀርባው አለፉ። ሻልቴሩን ሲያወርዱት አየሁ። ፓምፑ ዝም አለ።

"ልጅቷን ይዘሽ ውጪ" አሉኝ።

ሦስታችንም ብርቱካኖቹ መሀል ቆምን። ያኔ ነው ሬኡት ሮጣ የጓሮውን ቧንቧ የከፈተችው። ውሃው እንደ ጅራፍ መሬቱን መታው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሄደ። እየጨለመ ነበር። አባ እጃቸውን፣ ያንን ቀኝ እጃቸውን፣ ከነጠላቸው አውጥተው ከሰውነታቸው አርቀው ይዘውት ነበር። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ዛሬም ቀኑን ሙሉ አልጠየቁኝም። እህል አልቀመሱም። በሰንበት አይጾምም፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩን።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 22

አቪቻይን መልሼ ጠራሁት፣ መጣ። ጥቁሯን ሳጥን ከፈታት። ውስጧ ያሉት ሁለት ብረቶች ተቃጥለው ተጣብቀዋል። አየሩ ስላነሰ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ሲል ነው የተቃጠሉት፣ ከተጣበቁ በኋላ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ከዚያ ክዳኑን አየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ክዳኑን በእጁ ይዞ የአባን ግድግዳ አየ፣ እኔን አየ።

"ዶዳ ውዲቱ፣ ይሄን ማን አደረገው?" አለኝ። እንደ አክስቱ ዶዳ ነው የሚለኝ።

"እንጃ" አልኩ። "የድሮ ነው መሰለኝ።"

አዲስ የነሐስ ክዳን፣ ገና የሚያብረቀርቅ።

ታንከሩን ቀየረ። ለካሣሁን "ማብሪያዋ ተቃጥላ ነበር፣ ተሠራ" አልኩት። እውነት ነው። ፓምፑን ማን አጠፋው አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

አባ ሰኞም ጾሙ፣ ዛሬም ጾሙ። ካሣሁን ስልክ ላይ "አባቴ ድምፁ ደክሟል፣ ምን ሆነ?" አለኝ። ብርድ ነው አልኩ። ለመዋሸት አዲስ ነገር አላጣሁም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 27። ሰንበት እንደወጣ።

ጠዋት ሦስታችን በእግር ጸሎት ቤት ሄድን። አባ ሁልጊዜ ፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው የሚቀመጡት። ዛሬ በሩ ሥር፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ተቀመጡ። ቄሱ "አባ አዝመራው፣ ወደዚህ ይምጡ እንጂ" አሏቸው። "ሰንበት ሽሬያለሁ፣ እዚህ ይበቃኛል" አሉ። ቄሱ ምን ሆነው ነው ቢሏቸው "መብራት ነካሁ" አሉ። ስለ ታንከሩ አላወሩም። ስለ እኔ አላወሩም።

ሴቶቹ ጋ ሹክሹክታ ተነሳ። ከኋላዬ ያለችው ደጅቱ ለጎረቤቷ "ውይ፣ ሰውየው ሳቱ። የኔም አባት ሲጀምረው እንዲሁ ነበር፣ ቀኑን ይረሳ ነበር" አለች። ሌላዋ "ልጁም ሆስፒታል ነው፣ ማን ይጠብቃቸዋል፣ የአረጋውያን ቤት ማስገባት ነው" አለች። ሬኡት ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ።

እኔ በሰው ፊት የምናገር ሴት አይደለሁም። ገበያ ላይ እንኳ ስከራከር ድምፄ ይሰበራል። ግን ተነሳሁ።

"ቄስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "አባ አልሳቱም። የሳትኩት እኔ ነኝ። ለሰንበት ብዙ ውሃ እንዲይዝ ብዬ የታንከሩን ግፊት ከፍ አደረግኩ፣ ማስተንፈሻውን በእጄ ደፈንኩት። ሊፈነዳ ሲል ሻልቴሩን ማጥፋት አቃተኝ። እሳቸው ናቸው ያጠፉት። ለእኔና ለልጄ ነፍስ ነው። ለባሌ ዋሽቻለሁ፣ ለአቪቻይም ዋሽቻለሁ።" አቪቻይ ከወንዶቹ መሀል ራሱን ዝቅ አደረገ።

ቄሱ "ለነፍስ ሲባል ሰንበት ይሻራል፣ በዚህ ማንም አይጾምም። አባ አዝመራው፣ ተነሱ፣ ወደ ቦታዎ ይምጡ" አሉ።

አባ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ፊት ግን አልመጡም።

"ልጄ የተናገረችው እውነት ነው" አሉ። "ግን የምጾመው ለሻልቴሩ አይደለም። ክዳኑን ሬኡት አይታው ገና በተገጠመበት ሳምንት ነግራኛለች። አደገኛ ነው፣ ለአባቴ ልደውል ስትለኝ ተይ ያልኳት እኔ ነኝ።"

እኔ ወደ ሬኡት ዞርኩ። ታለቅስ ነበር።

ቄሱ "እያወቁ? ስለ ምን?" አሏቸው።

አባ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ውሃው ጥሩ ነበር" አሉ። "ካገሬ ከወጣሁ ወዲህ በሰንበት እንደዚያ ታጥቤ አላውቅም። ከተናገርኩ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ልጅቷን ከክፍሌ አስወጣሁና እኔ ታጠብኩ።"

አባ መልሰው በሩ ሥር ተቀመጡ፣ እኔም ከሴቶቹ ወጥቼ ሄጄ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።